ጭቃው እስኪጠነክር

ደዶ ከተማ ገብቶ «የመድና ሰፌዷ ቤት በየት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መንገድ አይጠፋበትም። ሁሉም እጁን ወደ ጋራው ይዘረጋለታል። ስሙ የወጣላት ለማሾፍ ነበር፤ እሷ ግን ተቀብላ እንደ ካባ ደረበችው። «አዎ፣ ሰፌዷ ነኝ። ምን ሆንክ?» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚስቅ ካለ ለብቻው ይስቃል።

መድና የጋራው ልጅ አይደለችም። የተወለደችው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ነው። አባቷ አብደላ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቅርጫትና ወንበር የሚሠራ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። እሷም ከሥሩ ሆና ልጥ ስታቀብል፣ ጠፍር ስትወጥር አደገች። ጭቃ የምታውቀው ዝናብ ሲዘንብ የሰፈሩ መንገድ ላይ የሚቀረውን፣ ቁርጭምጭሚት የማያልፈውን ነው። ቡናና ማር ሊሸጥ ጅማ የሚመላለሰው ሙሐዲን አይቷት ሽማግሌ ሲልክ «የት ነው አገርህ?» ብላ አስጠየቀችው። «ከደዶ ትንሽ አለፍ ብሎ» አላት። ወንድ ልጅ ሚስት ሲፈልግ የማይዋሸው ውሸት የለም።

«ትንሽ አለፍ» ያለው ጋራውን ነው። መንደሩ ከጋራው ማዶ፣ ቡናው ደግሞ ከመንደሩ በታች ነው። ወደ ደዶ የሚያወጣው መንገድ አንድ የእግር መንገድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ዳገቱን ወጥቶ በጋራው ትከሻ ላይ ያልፋል። መድና የመጣችው በጥር ነበር። በጥር ጋራው ሙሽራ ይመስላል፤ አማትነቱ የሚታወቀው ሐምሌ ሲገባ ነው። ትከሻው ላይ ያለው ጠፍጣፋ ሜዳ የአራቱን ማዕዘን ዝናብ አጠራቅሞ ማጥ ይሆናል። ይህ ማጥ ጫማ ይበላል፣ ከዘራ ይበላል፣ የከፋ ዕለት በግ ይበላል። በመጀመሪያው ክረምቷ መድና እስከ ጭኗ ገብታ በሦስት ሰው ጉልበት ተነቀለች። ለሠርጓ የተገዛላት ጫማ እዚያው ቀረ፤ እስካሁንም አልወጣም። መንደሩ ሳቀ። ሙሐዲንም ሳቀ፤ ግን እየሳቀ በጀርባው አዝሎ ቤቷ አስገባት። ስለዚህ የእሱን ሳቅ አልቆጠረችበትም።

ልጅ አልወለዱም፤ ቡና ግን አሳደጉ። ቁልቁለቱን ሁለቱ ቆፍረው፣ ጥላ ዛፉን መርጠው፣ ችግኙን አንድ በአንድ ተክለው። መድና ስለዚያ ቡና ስታወራ ድምጿ ይለወጣል፤ ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራው ታወራለች።

አንድ ሐምሌ ሙሐዲን ሆዱን ያዘው። ቃሬዛ ታሰረ፣ የመንደሩ ወንዶች ተሰበሰቡ። ታላቅ ወንድሙ አባቦራ በአጋጣሚ እዚያው ነበር። አባቦራ ደዶ ከተማ ሱቅ ያለው፣ በቅሎ የሚጭን፣ ሲናገር ሰው የሚሰማው ሰው ነው። ወደ ጋራው ቀና ብሎ አየና «ጭቃው እስኪጠነክር እንጠብቅ» አለ። ወንዶቹም ቃሬዛውን ከግድግዳው አስደግፈው ጠበቁ። መድና ለመነች፣ ጮኸች፣ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ብቻዋን አነሳች። «አንቺ ሴት፣ ሰው እንገድላለን እንዴ?» ተባለች። ጭቃው አልጠነከረም። ሙሐዲን ቤቱ ውስጥ ሞተ።

ቢወሰድ ይድን ነበር? አላህ ያውቃል። መድናም ይድን ነበር ብላ አትምልም። የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «ሳይሞከር ሞተ።»

የሐዘኗ ጊዜ እንዳበቃ አባቦራ ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። የአገሩ ልማድ ሟች የተወውን ሚስት ወንድም ይወርሳል ይላል። ጠባቂ እንድታገኝ፣ ንብረት ከዘር እንዳይወጣ፤ ሽማግሌው ሁሉንም በማር ለውሶ አቀረበው። መድና ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀችው።

«አባቴ፣ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ» አለችው። «እኔ የሙሐዲን ሚስት ነበርኩ እንጂ የሙሐዲን ኮርቻ አይደለሁም፤ ከወንድም ወደ ወንድም አልተላለፍም።»

ሽማግሌው አፉን ያዘ። አባቦራ ግን አፉን አልያዘም። ሴትዮዋ ካልመጣች ቡናው ይምጣ ብሎ ቁልቁለቱን አሳጠረ፣ ጥበቃ አቆመ። መድና በገዛ ቡናዋ በር ላይ «ወደ የት ነሽ?» ተባለች። ያን ዕለት አለቀሰች። በማግስቱ ደዶ ወርዳ ከሰሰች። አዲሱ ሕግ ለሴትም መሬት ይላል ሲባል በሬዲዮ ሰምታለች፤ ሕጉ እውነት ይሁን ውሸት ሄዶ ማየት ነው።

የከሰሰችው በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ክሱ በበጋ ተጀመረ። አባቦራ ግን ቸኮለ እንዴ? አንዴ ታመምኩ አለ፣ አንዴ ጠበቃዬ አልመጣም አለ፣ ቀጠሮውን እየገፋ እየገፋ የሐምሌ ማብቂያ ላይ አደረሰው። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ይዘጋል። ሕጉ ደግሞ አጭር ነው፤ ከሳሽ በቀጠሮዋ ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል። እሱ ቤቱ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ እሷ ከማጡ ወዲያ ናት። ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ «እኔ ጠበቃም አያስፈልገኝም፤ ክረምቱ ጠበቃዬ ነው» ማለቱን የሰማ ሁሉ አወራው። ወሬው ጋራውን ወጥቶ መድና ጆሮ ገባ። ወሬ ጭቃ አይዘውም።

አሁን ወደ ሰፌዱ እንምጣ።

ሰኔ ላይ፣ ከዝናብ በኋላ፣ መድና በር ላይ ተቀምጣ ግቢዋን ታያለች። ነፋስ ሰፌዷን ከግድግዳ አውርዶ ጭቃው መሃል ጥሎታል። አንዲት ዶሮ ሮጣ መጥታ ሰፌዱ ላይ ወጣች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ቆመች። ሰፌዱ አልሰመጠም። ከጎኑ ያለው ጭቃ ደግሞ ጠዋት መድና ራሷ ስትረግጠው እስከ ጉልበቷ ውጧታል። ተነሳች፣ ዶሮዋን አባረረች፣ ቀስ ብላ አንድ እግሯን ሰፌዱ ላይ አሳረፈች። ተሸከማት።

«ኧረ በማርያም!» የሚል ጩኸት ከአጥሩ ማዶ መጣ። ብርሃንነሽ ነበረች፤ ጎረቤቷ። ባሏ ከመሃል አገር ለመምህርነት መጥቶ እዚያው የሞተባት፣ እሷም እዚያው የቀረች፣ በአካባቢው ሰፌድ በመስፋት የሚስተካከላት የሌለ ሴት ናት። «አንቺ መድና! እህል የሚበጠርበትን ትረግጪዋለሽ?»

ነገሩ ቀላል አይደለም። በዚያ መንደር ክርስቲያኑም እስላሙም ሰፌድ አይረግጥም። ልጅ እንኳ ተራምዶት ካለፈ ይመታል። ሰፌድ የረገጠ እግር የቤቱን በረከት ይዞ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ መድና ሁለት ሰፌድ እግሯ ላይ አስራ ግቢዋን መዞር ስትጀምር ሰው በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ «አስተግፊሩላህ» እያለ አለፈ። አንድ የተከበሩ አዛውንት ሊመክሯት መጡ።

«ልጄ፣ በረከት ይርቅሻል።»

«አባቴ፣ ሙሐዲን እዚህ ቤት ተኝቶ ጭቃ ሲጠበቅለት በረከቱ የት ነበር?» አለቻቸው። አዛውንቱ ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

የመጀመሪያው ሰፌድ ተሰበረ። ሁለተኛውም። የአብደላ ልጅ መሆኗ የጠቀማት ይሄኔ ነው። ቀርከሃ ሰንጥቃ ከሥር መስቀለኛ አሰረችለት፣ ጠርዙን በቆዳ ለበጠችው፣ ከላይ ጣቷን ብቻ የሚይዝ ጠፍር አደረገች፤ ተረከዟ እንዲፈታ ተወችው። ማጥ የሚይዘው ተረከዝን ነውና፣ ተረከዙ ቀድሞ ከተነሳ ይለቃል። እግር አራርቆ፣ ጉልበት አንስቶ፣ ሳይቸኩሉ መሄድ ነው። አረማመዱ እንደ ዳክዬ ነው፤ ያማረ ነው የሚል የለም። ስትወድቅ ሳቁባት፤ ተነስታ ደግማ ሄደች። ብርሃንነሽ ለአንድ ሳምንት አኮረፈቻት። በመጨረሻ ግን የመድናን ስፌት ማየት አልቻለችም። መጥታ ከእጇ ነጠቀቻት።

«መርገጥሽ ካልቀረ» አለች፣ «ስፌቱ እንኳ ስፌት ይምሰል። ይሄ ምንድን ነው? የዶሮ ጎጆ!» እያጉተመተመች አጥብቃ ሰፋችላት። ሁለት ጥንድ ሠራችላት። «አንዱ ቢሰበርስ? ያን ከንቱ ሰው ደስ ሊለው ነው?»

ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አባቦራ ራሱ ጋራውን ተሻግሮ መጣ። የቡናውን ሥር ሊያስመነጥር ነው፤ ደግሞም መድና እንደማትሄድ በዓይኑ ሊያረጋግጥ። ሲመጣ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በቅሎው ያለ ችግር አሳለፈው። ያ ነው ያታለለው። በበሯ ሲያልፍ ከበቅሎው ሳይወርድ ቆመ።

«መድና፣ በከንቱ አትልፊ» አላት። «ጋራው ተዘጋ ማለት ነው። አርፈሽ ተቀመጪ፤ ወንድሜ አደራ የሰጠኝን አልበድልም።»

«ኦቦ አባቦራ፣ ሙሐዲን የተወልዎ ሐዘን ብቻ ነው» አለችው። «እሱንም በወጉ አላዘኑም።»

ፊቱ ጠቆረ። በሩ ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶች አየና ፈገግ አለ። «በእነዚህ ልትመጪ? ሰፌድ የረገጠ እግር ፍርድ ቤት አይደርስም።»

«ሲደርስ ያዩታል።»

የቀጠሮው ዋዜማ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ እስኪመስል ወረደ። ሲነጋ መድና ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ትርፉን ጥንድ ሰፌድ በጀርባዋ አዝላ፣ ረጅም የቀርከሃ በትር ይዛ ወጣች። ብርሃንነሽ እስከ ዳገቱ ሥር ሸኘቻት። «እመቤቴ ትከተልሽ» አለቻት። «አሚን» አለች መድና፤ የመጣ ምርቃት አይመለስም።

ዳገቱን ስትወጣ ፈርታለች። ይህንም አልደበቀችም። ግቢ መዞርና ማጡን ማቋረጥ አንድ አይደለም። ቢውጣት ማንም አይሰማትም። ቡናዋን እያሰበች ወጣች፤ ፍሬው አሁን አረንጓዴ ነው፣ ጥቅምት ላይ ይቀላል፣ ማን ይለቅመው ይሆን? ትከሻው ላይ ስትደርስ ሰፌዶቹን አሰረች፣ ቢስሚላህ ብላ ገባች። ጭቃው ከሥሯ አጉረመረመ እንጂ አልዋጣትም።

መሃል ላይ ስትደርስ አረንጓዴ ነገር አየች። የእንሰት ቅጠል ነው፤ ኮባ በረድፍ ተነጥፏል። ግቢ ሲጨቀይ ለሠርግና ለለቅሶ እንግዳ ኮባ ማንጠፍ የአገሩ ወግ ነው። አባቦራም ለቀጠሮው ሊሻገር፣ ለበቅሎው ያንኑ ወግ አዞ፣ መንጣሪዎቹን ማታውኑ አስነጥፏል። ማጡ ግን የሠርግ ግቢ አይደለም። ቅጠሉ ጉድጓዱን ሸፈነው እንጂ አልሞላውም። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን እንስሳዋ አይታለች። በቅሎዋ አልረግጥም ብላ ቆመች፤ እሱ ገረፋት። ረገጠች፣ ገባች፣ ተንፈራግጣ እሱን ጣለችና ወደመጣችበት ሸመጠጠች። አባቦራን መድና ያገኘችው እስከ ወገቡ ማጡ ውስጥ ቀርቶ ነው። ካቦርቱና ባርኔጣው ብቻ ናቸው የከተማ ሰው የሚያስመስሉት።

«መድና!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «መድና፣ ማሎ! በአላህ ይዤሻለሁ!»

መድና ቆማ አየችው። ደስ አላት። ይህን ማለባበስ አያስፈልግም፤ ከሙሐዲን ሞት በኋላ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም። ሄዳ ብትተወው ማን ይጠይቃታል? እሷ ትቀርባለች፣ እሱ ይቀራል፣ ነገሩ በሌለበት ይታያል። አንድ እርምጃ አለፈችው። ሁለተኛውን ስታነሳ ግን ከግድግዳ የተደገፈው ቃሬዛ ትዝ አላት። ሰውን እያዩ መተው የእነሱ ሥራ ነው አለች በልቧ። እነሱን ከምመስል መሬቱ ይቅር።

ትርፎቹን ሰፌዶች ከጀርባዋ አውርዳ ፊቱ ጣለችለት፤ በትሯንም ዘረጋችለት።

«ደረትዎን ያስተኙበት። ከዚያ ጉልበትዎን ይስቀሉ።»

አባቦራ ሰፌዱን አየ፣ እሷን አየ። ማጥ ውስጥም ሆኖ ወግ አይለቅም፤ «ሰፌድ ላይ? በረከት …» አለ።

«በረከቱን እንግዲህ እዚያው ውስጥ ይፈልጉት» አለችና በትሯን መለሰች።

«ቶሌ! ቶሌ! እሺ አልኩሽ!»

ደረቱን አስተኛ። በትሩን ያዘ፤ እሷ ጎተተች፣ እሱ ተሳበ። ማጡ አንድ ቡትስ ጫማውን ያዘና ሁለተኛውንም አስከትሎ ለቀቀው። ጠፍሩን እግሩ ላይ አሰረችለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፌድ ላይ ሲቆም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ለምን አወጣሽኝ?» አላት ትንፋሹ ሲመለስ።

«ፍርዱን በጆሮዎ እንዲሰሙ ነው። ደግሞ ብድር ነው፤ ሰፌዱን ከተማ ሲደርሱ ይመልሳሉ። ተረከዝዎን ቀድመው ያንሱ፤ እንደ ባለሱቅ አይራመዱ።»

ስንት ጊዜ እንደወደቀ እሱ ይናገር። እየጎተተች፣ እያነሳች፣ እየተቆጣች ቁልቁለቱን አወረደችው። ደዶ ሲገቡ ሰው ከየሱቁ በረንዳ ወጥቶ አየ። አባቦራ በባዶ እግሩ፣ እስከ ደረቱ ጭቃ፤ መድና ከፊቱ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ መድና እግሯን ከአሸንዳው ታጥባ፣ ከላስቲኩ ደረቅ ጫማዋን አውጥታ አደረገች። ሁለቱን ጥንድ ሰፌድ ከግድግዳው አስደግፋ ገባች። ስማቸው ሲጠራ ሁለቱም «አቤት» አሉ።

ዳኛው ረጋ ያሉ ወጣት ናቸው። መጀመሪያ መድና ተናገረች፤ አጭር ነበር። አብረን ቆፈርን፣ አብረን ተከልን፣ እሱ ሞተ፣ እኔ አለሁ፣ ቡናዬን እፈልጋለሁ። ከዚያ አባቦራ ተነሳ። ከቀደመው ቀጠሮ ጀምሮ ያጠናው ንግግር ነበረው፤ ሰው ደግሞ ያጠናውን ነገር በቀላሉ አይተውም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ክፋት የለኝም» አለ። «ይቺ ሴት ብቻዋን ናት። ቡናው ያለው ከጋራው ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ጋራ ወንድ ይጥላል። የሚያወጣት የሚያወርዳት ወንድ ሳይኖር እንዴት አድርጋ መሬት ትይዛለች? አባቶቻችን ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ብለዋል።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የአባቦራን እግር አዩ፤ ጫማ የለውም። ካቦርቱን አዩ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ፤ ሁለት ጥንድ ጭቃ የጠጣ ሰፌድ ከግድግዳው ተደግፏል።

«እርስዎ ዛሬ ከየት ነው የመጡት?»

«ከ … ከማዶ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ኤዬ፣ በዚህ ዝናብ።»

«እንዴት ተሻገሩ?»

አባቦራ ወደ ባዶ እግሮቹ አጎነበሰ። ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ከመንገድ ጀምሮ ያየውን አይቷል፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳል የሚመስል ነገር አሰማ። መድና ወደ አባቦራ አልዞረችም። ፊት ለፊቷን እያየች ጠበቀች።

«ጠየቅኩዎት እኮ። ማን አሻገረዎት?»

«እሷ» አለ አባቦራ።

«አልሰማሁም።»

«እሷ ናት ያሻገረችኝ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ። ውሳኔው በጥቅምት፣ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ይነበባል ተባለ። በጥቅምትም ተነበበ፤ ቡናው ለመድና ተፈረደ፣ አጥሩም ፈረሰ፣ ፍሬው ሳይረግፍ ደረሰችበት። ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ያን ቀን የታወቀው «እሷ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ መድና ግን ፍርዱን የሰማችው ያኔ ነበር ትላለች።

ሲወጡ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። መድና ደረቅ ጫማዋን በላስቲክ ጠቀለለች፣ ሰፌዷን እግሯ ላይ ልታስር ጎንበስ አለች። አባቦራ ሁለተኛውን ጥንድ ከግድግዳው አንስቶ በእጁ ይዞ ቆሟል።

«መድና» አለ ቀስ ብሎ። «በቅሎዬ ማዶ ቀርታለች። ኮርቻዋ እንደተጫነ ነው። ሰፌዱን ለነገ ብቻ ተይልኝ፤ ሄጄ ላምጣት።»

መድና ቀና አለችና ጥንዱን ከእጁ ተቀበለች። በጀርባዋ አዘለችው፣ ጠፍሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቋጠረች፣ በትሯን አነሳች።

«በቅሎዋን ብርሃንነሽ ታበላታለች፤ በሷ አይስጉ» አለችው። «እርስዎ ግን ጭቃው እስኪጠነክር ይጠብቁ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ጋራው አዞረች።